ወንድሜ ያላለችው ሰው

በቻንደንፑር ዩኒቨርሲቲ የዕጽዋት ትምህርት ክፍል ሴት ተማሪ ወንዱን ሁሉ «ወንድሜ» ትላለች። ልማዱ ነው። ከእሷ አንድ ዓመት ቀድሞ የገባው ወንድሜ ነው፤ የምርምር ጽሑፍ የሚተይበው ወንድሜ ነው፤ በየቢሮው ሻይ የሚያዞረውም ወንድሜ ነው። ቃሉ ለሴት ልጅ እንደ ጃንጥላ ነው፤ ይዛው ከወጣች የሰው አፍ አያገኛትም። ኩሙድ ቻቱርቬዲም የክፍሉ ኃላፊ ልጅ ብትሆንም፣ ራሷም እዚያው ለዶክትሬቷ ብትሠራም፣ ቃሉን እንደ ማንም ሴት ቀኑን ሙሉ ስትጠቀምበት ትውል ነበር። ከአንድ ሰው በስተቀር።

ያ አንድ ሰው ጎኩል አሂርዋር ነው። እሱን ስትጠራው ወይ «ይኸውልህ» ትለዋለች፣ ወይ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ ወይ ደግሞ እርሳስ ከእጇ ትጥላለች። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትቸገር ማንም ያላስተዋላት ይመስላት ነበር። ፍቅር የያዘው ሰው ሁሉ ጅል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ እሱ ዓይኑን ስለጨፈነ ሌላው የማያይ ይመስለዋል።

ጎኩል የገጠር ልጅ ነው። አባቱም አያቱም ቆዳ ፋቂዎች ነበሩ፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ የቤተሰቡን ስም መስማት ብቻ ይበቃል። እንዲያም ሆኖ የኩሙድ አባት ፕሮፌሰር ሃሪናራያን ከተማሪዎቻቸው ሁሉ አስበልጠው የሚወዱት እሱን ነበር። የማሁዋ ዛፍ አበባውን የሚያረግፍበት ወቅት ለምን እየተዛባ እንደመጣ ለማወቅ፣ ወር ሙሉ ዛፍ ሥር የሚያድር ተማሪ ሌላ አልነበራቸውም። «ይኼ ልጅ አንድ ቀን ወንበሬን ይወርሳል» ይሉ ነበር በየስብሰባው። ቤታቸው ሲመጣ ግን ወንበሩ በረንዳ ላይ ነው። ሻዩም የሚቀርብለት ለእሱ ብቻ በተለየች የብረት ኩባያ ነው፤ ጠጥቶ ሲጨርስ ራሱ አለቅልቆ መስኮቱ ደፍ ላይ ይደፋታል። ፕሮፌሰሩ ኩባያዋን አላዩዋትም ማለት ይከብዳል። ግን ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ ማየት የማይፈልገውን ነገር ሳያይ ሊያረጅ ይችላል።

ፍቅራቸው የተጀመረው በአንድ ማይክሮስኮፕ ነው። ክፍሉ ውስጥ ደህና ሌንስ ያለው እሱ ብቻ ስለነበር ተማሪው በተራ ነበር የሚጠቀምበት፤ የኩሙድ ተራ ደግሞ ከጎኩል ቀጥሎ ነው። እሱ ሲነሳ እሷ ትቀመጣለች። ዓይኗን ስታስጠጋ የማያው ጫፍ በእሱ ዓይን ሙቀት ገና እንደሞቀ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ከዚህ የበለጠ አልተቀራረቡም። እጁ እጇን ነክቶ አያውቅም፤ ሰው ቢነግራችሁ አታምኑም፣ ግን እውነት ነው። ያን ሙቀት ለመጠበቅ ብላ ትምህርት በሌለበት ቀን ሁሉ የምትመጣ ልጅ ነበረች።

የዝናቡ ወር እንደገባ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጎኩል ከማይክሮስኮፑ ሳይነሳ ቀረ።

«ይኸውልህ፣ ተራዬ ነው» አለችው።

«ቆይ። ፊትሽን ካየሁ የምለው ይጠፋብኛል።» ዓይኑን ከማያው ሳያነሳ ነበር የሚናገረው። «ጽሑፌ ተተይቦ አልቋል። የሚቀረኝ የጉሩጂ፣ የአባትሽ ፊርማ ብቻ ነው። እሳቸው አማካሪዬ ናቸው፤ ‹ሥራው ብቁ ነው› ብለው ካልፈረሙ ዩኒቨርሲቲው አይቀበለኝም።»

«አውቃለሁ።»

«በፈረሙ ማግሥት በረንዳው ላይ አልቀመጥም። ጫማዬን አውልቄ ውስጥ እገባና ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«ልጅዎን ይስጡኝ ብዬ ነዋ! ታዲያ ማይክሮስኮፑን ይስጡኝ ልበል?»

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ አፏን በሻርፗ ሸፈነች። «ከቤት ያስወጡሃል።»

«ያስወጡኝ። ደግሜ እመጣለሁ። ብቻ እስኪፈርሙ ድረስ ትንፍሽ እንዳትዪ።» አሁን ቀና ብሎ አያት። «እናቴ የማሁዋ አበባ እየለቀመች ነው ያስተማረችኝ፤ ወገቧ አልቋል። ዶክተር ስባል ሳትሰማ ብትሞትብኝ ራሴን ይቅር አልለውም። ፊርማው ይቅደም። ከዚያ በኋላ ግን ዓለም ይገለባበጥ።»

«እጠብቃለሁ» አለች ኩሙድ። ያን ዕለት ዝናብ እየወረደባት ወደ ቤቷ ሄደች፤ መበስበሷን ያወቀችው እናቷ ስትቆጣት ነው።

እናትየው፣ ወይዘሮ ሻርዳ፣ ያቺን ልጅ በአምስት ስለት ነው የወለደቻት፤ ከእሷ በፊትም በኋላም ሌላ ልጅ አልቆየላትም። እንዲህ ያለች እናት ዓይኗ ከልጇ ላይ አይነሳም። በሳምንቱ፣ ማዕድ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው ምስር ሲለቅሙ፣ ቀና ሳትል ጠየቀቻት።

«ሻይ የሚያዞረውን ሰውዬ ‹ወንድሜ› ትዪዋለሽ። ታይፒስቱን ‹ወንድሜ› ትዪዋለሽ። ለመሆኑ ያንን የአሂርዋር ልጅ ምን ብለሽ ነው የምትጠሪው?»

የኩሙድ ጣት ምስሩ ውስጥ ቆመ። «ማንን?»

«‹ማንን?› አለች! ምሳ ላደርስልሽ የመጣሁ ቀን በር ላይ ቆሜ ነበር። ሦስት ጊዜ ጉሮሮሽን ጠረግሽ። ጉንፋን ይዟት ይሆን ብዬ ነበር፤ እሱ ሲዞርና ስታይው ግን ጉንፋን አለመሆኑ ገባኝ።»

እናትየው አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር።

«ለአባትሽ አልነገርኩም» አለች ቀስ ብላ። «ቢሰማ የሚሆነውን አንቺም አታጪውም። የልጁ ጽሑፍ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ብዕሩም አጠገቡ ነው። አንድ እናት የአንድን ደሃ ልጅ እንጀራ መዝጋት አትፈልግም፣ ኩሙድ። ስለዚህ ነገሩን በደግ እንጨርሰው። ቅዳሜ የራኪ በዓል ነው፤ እህት ሁሉ በወንድሟ እጅ ላይ ክር ታስራለች። ወንድም የለሽም። ዘንድሮ ክርሽን ለእሱ ታስሪለታለሽ።»

«እማዬ!»

«ምነው? ልጁም የቤት ልጅ ይሆናል፤ የሰውም አፍ ይዘጋል።»

«ክር ያሰርሽለት ሰው እኮ...»

«ወንድም ነው። እስከ ዕለተ ሞቱ። ይጠፋኛል ብለሽ ነው? ለዚሁ ነው የምልሽ።» ምስሩን አበጠረች፣ አንዲት ጠጠር አወጣችና ጣለች። «ወይም ደግሞ አላስርም በዪ። ያኔ አባትሽ ለምን ብሎ ይጠይቃል። ለምን እንደሆነ ያኔ ራስሽ ትነግሪዋለሽ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቷ ኩሙድን ከቤት አላስወጣቻትም፤ «ራሷን አሟታል» ተባለ። መልእክት የምትልክበት ሰው አልነበራትም። ቀንና ማታ የምታስበው ያንን ብዕር ብቻ ነበር። ክሩን ካሰረች እሱን ታጣዋለች፤ ካላሰረች እሱ ሁሉንም ያጣል። በአንድ በኩል የእሷ ደስታ፣ በሌላ በኩል የአራት ዓመት ልፋትና ወገቧ ያለቀ እናት። እንዲህ ሆኖ ሲቀርብላት ምርጫ ሳይሆን ፍርድ ነበር። አንዳንዴ ደግሞ «ለበዓሉ ቢጠራም ምናልባት አይመጣም ይሆናል» እያለች ራሷን ትደልል ነበር።

ቅዳሜ ግን መጣ።

ዝናቡ ለጥቂት ሰዓት ፋታ ሰጥቶ ነበር። ጎኩል ነጭ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጸጉሩን ቅባት ተቀብቶ አበጥሯል፤ በእጁ በጨርቅ የተጠቀለለ ሣጥን ይዟል። ኩሙድ ከመጋረጃው ጀርባ ስታየው ፊቱ እንደ ሙሽራ ፊት ያበራ ነበር። ደስታውን ስታይ ልቧ ቁርጥ አለ። ምን ሊደረግ እንደሆነ ሳያውቅ ቀርቶ ነው ወይስ አውቆ ደስ ብሎት ነው? ሦስተኛ ምክንያት ይኖራል ብላ አላሰበችም።

ወደ በረንዳው ወንበሩ ሲያመራ ወይዘሮ ሻርዳ ከደጃፉ ሆና ጠራችው።

«እዚያ አይደለም ልጄ። ዛሬ ወደ ውስጥ ነው።»

ጎኩል ቆመ። ከዚያ ጫማውን አወለቀ። በአራት ዓመት ውስጥ ያን ደፍ ሲሻገር የመጀመሪያው ነበር፤ እግሩን ሲያሳርፍ ወለሉ ይሰበራል ብሎ የፈራ ይመስል ነበር። ምንጣፍ ላይ አስቀመጡት። ሻይ በባለ አበባው ስኒ ቀረበለት፤ ስኒውን ዞር አድርጎ አየውና ፈገግ አለ።

«እናቴ የማሁዋ ጣፋጭ ልካለች፣ ማታጂ» አለ እናትየውን በአክብሮት ጠርቶ፣ ሣጥኑን እየፈታ። ወይዘሮ ሻርዳ በደረቁ አመሰገነችና ሣጥኑን ሳትነካ በዓይኗ ቦታ አሳየችው።

«ጉሩጂ» አለ ጎኩል ወደ ፕሮፌሰሩ ዞሮ። «ዛሬ አንድ የምነግርዎት ጉዳይ አለኝ።»

ፕሮፌሰር ሃሪናራያን መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ይደርሳል፣ ይደርሳል። መጀመሪያ በዓሉን እናክብር። ኩሙድ!»

ትሪውን ይዛ ወጣች። ትሪው ላይ መብራት፣ ቀይ ዱቄት፣ ጥቂት የሩዝ ፍሬና የወርቅ ቀለም ያለው ክር ነበር።

ጎኩል መጀመሪያ እሷን አየ። ከዚያ ትሪውን አየ። ከዚያ ክሩን። ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ የሚሄድበት ያጣ እንግዳ ይመስል ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ።

ከፊቱ ተንበረከከች። ዓይኗን ዓይኑ ላይ ተክላ፣ «እምቢ በል» አለችው በልቧ። «ተነስና ሂድ፤ ነውሩ ባንተ ይሁን፤ እኔ ማለት አልችልም፣ አንተ በል።» እሱም እያያት ነበር። እሱም በዓይኑ አንድ ነገር እየለመናት ነበር። አራት ዓመት በዓይን ብቻ ሲነጋገሩ የኖሩ ሰዎች ያን ዕለት አልተግባቡም።

«ምን ትጠብቂያለሽ? መብራቱ ይጠፋል» አለች እናት።

ጎኩል ቀኝ እጁን ዘረጋ።

ክሩን በእጁ አንጓ ላይ አዞረችው። ጣቶቿ ቆዳውን ሲነኩት ደም ሥሩ ሲዘል ተሰማት። የነካችው ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት አልነካችውም። አንድ ጊዜ ቋጠረች። ሁለተኛውን ስትቋጥር ጣቷ አልታዘዝ አላት፤ እሱ እጁን ሳያንቀሳቅስ ጠበቃት። በሕልሟ እንደ ሙሽራ ቀዩን ዱቄት በጸጉሯ ክፍተት ላይ የሚያደርግላት እሱ ነበር፤ አሁን እሷ በጣቷ አንስታ ግንባሩ ላይ አደረገችለት። ጣፋጭ ማጉረስ ሲደርስ እናቷ ያዘጋጀችውን የጣፋጭ ሳህን አልፋ እጇን ወደ እሱ ሣጥን ሰደደች። እናትየው «እንዴ!» አለች። ኩሙድ አልሰማችም፤ የማሁዋውን ጣፋጭ ከንፈሩ ላይ አደረገችው። ጎኩል ጎረሰ።

«ተባረኩ!» አሉ ፕሮፌሰሩ። «በል አሁን፣ ምን ልትነግረኝ ነበር?»

ጎኩል የታሰረለትን ክር አየ። «ምንም አይደለም፣ ጉሩጂ» አለ። «እናቴ ሰላም ብላዎታለች፤ እሱን ልነግርዎ ነበር።»

ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠና ተነሳ። የፕሮፌሰሩን እግር ነክቶ፣ የእናትየውንም ለመንካት ጎንበስ ሲል እሷ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ አለች። ወጣ።

ኩሙድ ትሪውን ይዛ ማዕድ ቤት ገባች። ባለ አበባው ስኒ ከሌሎቹ ጋር አልነበረም። መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከብረት ኩባያዋ ጎን ተደፍቷል።

«እማዬ፣ ወንድሜ አይደል እንዴ?»

«ወንድምሽ ነው» አለች እናት እጇን እየታጠበች። «ስኒ ግን ስኒ ነው።»

ኩሙድ ወደ አባቷ ተመለሰች። ጋዜጣቸውን ዘርግተው ነበር። አንድ ነገር ቢያንስ ማትረፍ አለባት።

«አባዬ፣ አሁን ትፈርምለታለህ አይደል?»

«ምኑን?»

«የጎኩልን ጽሑፍ።»

«እሱንማ ረቡዕ ፈርሜ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። በማግሥቱ አስገብቷል።» ጋዜጣውን ገለጡ። «እናትሽ ነገራችሁን በነገረችኝ ዕለት ነው የፈረምኩት። አየሽ፣ ሥራው ብቁ ነው፤ ብቁ ሥራ አይከለከልም። ሳይንስ ዘር አይቆጥርም፣ ኩሙድ።» ደግሞም ጨመሩ፤ «ቤቴ ግን ሳይንስ አይደለም።»

ቆማ ቀረች። ረቡዕ! ታዲያ ያ አዲስ ሸሚዝ፣ ያ የሙሽራ ፊት፣ ያ «የምነግርዎት ጉዳይ አለኝ»... ፊርማውን ካገኘ በኋላ ነበር የመጣው። ቃሉን ሊፈጽም ነበር የመጣው። ያ ብዕር ሲያስፈራራ የነበረው እሷን ብቻ ነበር።

በባዶ እግሯ ሮጠች። ጎኩል ከግቢው በር ላይ ብስክሌቱን ደገፍ ብሎ ቆሟል፤ መሄዱም አቅቶት መቆሙም አቅቶት።

«ተፈርሞልህ ነበር» አለችው እያለከለከች።

«ተፈርሞልኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም!»

«በምን? ሦስት ቀን ማይክሮስኮፑ አጠገብ ጠበቅሁሽ። አልመጣሽም። ለበዓሉ ሲጠሩኝ ለአንቺም ለእሳቸውም ባንድ ጊዜ ልንገር አልኩ።»

«እኔ እኮ... አባቴ አይፈርምልህም ብዬ ነው። ለአንተ ብዬ ነው ያሰርኩት፣ ጎኩል!»

በስሙ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነበር። ዓይኑን ጨፈነ።

«ለእኔ?» አለ። «እኔ ደግሞ አስባበት ነው፣ አባቷን መርጣ ነው አልኩ። ትሪውን ይዘሽ ስትመጪ ‹አፍረቴን ሸፍንልኝ› ያልሽኝ መሰለኝ። ክር ይዛ ፊቱ የተንበረከከችን ሴት የሚመልስ ወንድ ሰው አይባልም። በአባትሽ ፊት ላዋርድሽ? ለአንቺ ብዬ ነው እጄን የዘረጋሁት።»

«ፍታው። አሁን ፍታው፤ ማንም አላየም!»

እጁን አነሳ። ክሩን በሁለት ጣቱ ያዘው፤ ያዘውና ቆየ።

«ሰው ባያይ እኔና አንቺ አይተናል» አለ በመጨረሻ። «እናቴ ክር ያሰረችላቸው አራት ወንድሞች ነበሯት፤ ሁለቱ የሥጋ አይደሉም። አንዱ በጎርፍ ጊዜ እሷን ሊያወጣ ገብቶ ሞተላት። ይኼን ክር ለጨዋታ የምፈታ ሰው ከሆንኩ፣ እናትሽ ኩባያዬን መለየቷ ልክ ነበር ማለት ነው።»

«እኔስ? እኔ ምን ልሁን?»

ብስክሌቱን ቀና አደረገ።

«ጎኩል!» ፕሮፌሰሩ በረንዳው ላይ ወጥተዋል። እናትየው ከኋላቸው ቆማለች። ድምፃቸው ደስተኛ ነበር፤ ወይም ደስተኛ እንዲሆን ፈልገዋል። «ምነው አንተ! እህትህን ሳትባርካት ነው እንዴ የምትሄደው? እጅህን ራሷ ላይ አድርግላት እንጂ!»

ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። ጎረቤቱ በየደጃፉ ነበር፤ የበዓል ቀን ሰው ውጭ ነው የሚውለው። ኩሙድ ሻርፗን ወደ ራሷ ሳበችና አንገቷን ደፋች።

እጁ መጣ። መጀመሪያ ቅለቱ፣ ቀጥሎ ሙቀቱ ተሰማት። ማይክሮስኮፑ ጫፍ ላይ አራት ዓመት የተሻማችው ሙቀት ነው፤ ያው ነው፣ አልተለወጠም። የክሩ ጫፍ ግንባሯን እየነካካ ነበር። ይህ እጅ እንዲነካት ስንት ቀን ተመኝታለች፤ እንዴት አድርጎ እንደሚነካት ግን አልተመኘችም ነበር።

«ዕድሜሽ ይርዘም» አለ። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። «ዕድሜሽ ይርዘም፣ እህቴ።»

ረጅም ዕድሜ! ያን ሰዓት ሊመኝላት የሚችለው የመጨረሻው ክፉ ነገር እሱ ነበር፤ ሁለቱም አወቁት። እጁ ከራሷ ላይ ከሚገባው በላይ ቆየ፤ ከዚያ ተነሳ፤ የነበረበት ቦታ በረዳት።

«በይ እንጂ፣ ደህና ሁን በዪው!» አለች እናት ከበረንዳው።

ኩሙድ ቀና አለች። ጉሮሮዋን አልጠረገችም፤ የምትጥለውም እርሳስ አልነበራትም።

«ደህና ሁን» አለችው፣ «ወንድሜ።»